60 ኪሎ ላይ የቆመ ብረት

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ እንዳሉኝ ደብተሬን ይዤ መጣሁ። ስኳት 60 ኪሎ ላይ ቆሞብኛል፤ ይኸው ሦስተኛ ልምምዴ ነው። ጂም ያሉት ልጆች "የጀማሪ ፕሮግራም ጨርሰሻል፤ ከእንግዲህ ሰውነትሽን ከፋፍለሽ በሳምንት አምስት ቀን ሥሪ" ይሉኛል። አንዱማ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ እግር እያለ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል። ልጀምረው እንዴ?

አዛውንቱ፦ ወረቀቱ ይቆይና ደብተሩን ወዲህ በይው። እስቲ መጀመሪያ "ጨርሰሻል" የሚለውን ቃል እንየው። የጀማሪ ፕሮግራም እንደ ክፍል ትምህርት ወሩ ሲሞላ አያልቅም። በብረት ሥራ ጀማሪ የሚባለው የግድ ጉልበት የሌለው ወይም ትናንት የጀመረ ሰው አይደለም። ዛሬ ሠርቶ፣ በልቶና ተኝቶ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ካለፈው ትንሽ የሚበልጥ ክብደት ማንሳት የሚችል ሁሉ ጀማሪ ነው። ይህን ትርጉም አሜሪካዊው አሰልጣኝ ማርክ ሪፕቶ በመጻሕፍቱ አስፋፍቶታል፤ መለኪያው ከ48 እስከ 72 ሰዓት የሚሆነው የማገገሚያ ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውነትሽ የወረደበትን ጫና ጠግኖ፣ ከነበረበት ከፍ ብሎ ከተመለሰ ጀማሪ ነሽ። ጥገናው አንድ ሳምንት መፈለግ ሲጀምር ደግሞ መካከለኛ ሆነሻል። እኔ የማውቀው ድንበር ይኸው ነው። ስንት ወር ሠራሁ የሚለውን ተዪው፤ ሁለት ሰዎች እኩል ስድስት ወር ሠርተው አንዱ ግማሹን ቀን ቀርቶ፣ ሌላው አንድም ቀን ሳይቀር ሊሆን ይችላል።

ወጣቷ፦ ወሩስ ይሁን፤ ኪሎው ግን? የሰውነቱን ክብደት ያህል ስኳት የሚሠራ ሰው ከጀማሪ አልፏል የሚል ሰንጠረዥ አይቻለሁ። እኔ 56 ኪሎ ነኝ፤ 60 ደግሞ ነክቻለሁ።

አዛውንቱ፦ ሰንጠረዡ ሌሎች ሰዎች የት እንደደረሱ ይነግርሻል፤ አንቺ ከዓርብ እስከ ሰኞ ምን እንደሆንሽ ሊያውቅ አይችልም። የ20 ዓመት ልጅና የ60 ዓመት ሰው እኩል 60 ኪሎ ቢያነሱ፣ ለልጁ ገና መነሻ፣ ለትልቁ ሰው ወደ ጣሪያው የተጠጋ ሊሆን ይችላል።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ልቆይ እንበል። መቆየቱ ምን ይጠቅመኛል? የበረቱት የሚሠሩትን ብሠራ ቶሎ እንደነሱ አልሆንም?

አዛውንቱ፦ ቁጥሩን አብረን እናንብበው። ስኳት ሰኞና ዓርብ ትሠሪያለሽ። በባዶው ባር፣ በ20 ኪሎ ጀምረሽ በየልምምዱ 2.5 ኪሎ እየጨመርሽ በ8 ሳምንት 60 ላይ ደረስሽ። በሳምንት 5 ኪሎ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሂጂ፤ የጆርጂያው ላሻ ታላካድዜ በዘመኑ ከባድ ሚዛን አቻ ያልነበረው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ በሁለቱ የውድድር ዓይነቶች በድምሩ 473 ኪሎ አነሳ፤ በ2021 ቶኪዮ ላይ 488። ከኦሊምፒክ እስከ ኦሊምፒክ አምስት ዓመት ሙሉ ሥራው ብረት ብቻ ሆኖ 15 ኪሎ ጨመረ። እርግጥ የእሱ አነሳስ ሌላ፣ ያንቺ ስኳት ሌላ ነው፤ ኪሎን በኪሎ ላወዳድር አይደለም። ፍጥነቱን ግን ተመልከቺ፤ 15 ኪሎ ላንቺ የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። ሰው በብረት ዕድሜው በዚህ ፍጥነት የሚያድገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የበረቱት ሰዎች ፕሮግራም የተወሳሰበው ስለሚሻል ሳይሆን ቀላሉ መንገድ ስለተዘጋባቸው ነው። በየልምምዱ መጨመር ቢችሉ ኖሮ ማናቸውም ለሳምንትና ለወር ዕቅድ አይጨነቁም ነበር። አንቺ ያ መንገድ ሳይዘጋብሽ ወደ እነሱ ብትሄጂ፣ ሳምንታዊ ጭማሪሽን በገዛ እጅሽ ወደ ወርሃዊ ጭማሪ ለወጥሽው ማለት ነው።

ወጣቷ፦ ግን እኮ የአምስት ቀኑን የሚሠሩት ልጆች ትከሻና ክንዳቸው ሲታይ ፕሮግራሙ እንደሚሠራ ይመሰክራል።

አዛውንቱ፦ ይሠራል፤ እሱን አልክድም። አዲስ ሰው ላይ የማይሠራ ነገር የለም፤ ክርክሩን ያበላሸውም ይኸው ነው። በዚህ ዘርፍ የሚደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ ከዚህ በፊት ብረት ያልነኩ ሰዎችን ሰብስበው ለጥቂት ሳምንታት ያሠራሉ፤ ያኔ ሁሉም ቡድን ያድጋል። ምክንያቱ ደግሞ ይታወቃል። ሞሪታኒና ዴቭሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ጉልበት በአብዛኛው የሚመጣው ከነርቭ ነው፤ ጡንቻ የማደግ ድርሻው ቆይቶ ይሰፋል። ሰውነት ያለውን ጡንቻ ባንድ ላይ ማዘዝ ይማራል። ትምህርት ደግሞ ድግግሞሽ ይወዳል። በዚህ ወረቀት ላይ ስኳት ስንት ቀን አለ? ረቡዕ ብቻ። አሁን በዓመት 104 ጊዜ የምትማሪውንና ለመጨመር ዕድል የምታገኚበትን ነገር ወደ 52 ያወርደዋል። ከሁሉም በላይ መድኃኒቱ ራሱ ጭማሪው ነው። የአሜሪካ ጦር ሐኪም የነበረው ቶማስ ዴሎርም እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ የቆሰሉ ወታደሮችን ጉልበት የመለሰበትን መንገድ ሲያስረዳ፣ ዋናው ነገር ከብዶ የሚሰማ ክብደት ማንሳትና ሰውየው በበረታ ቁጥር ክብደቱን ማሳደግ ነበር። የቀን ክፍፍል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ወጣቷ፦ ይኸው ቆመ እኮ ጋሼ! 60ን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም አልጨረስኩም። እርስዎ ያሉት መንገድ ተዘጋ ማለት ይህ አይደለም?

አዛውንቱ፦ በሩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ አንቺም ቁልፉን ረስተሽ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ደብተር ላይ አንድ ዓይነት መልክ ነው ያላቸው፤ ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። የጻፍሽው ቁጥር ይህ ነው፤ መጀመሪያ 5፣ 5፣ 4፤ ቀጥሎ 5፣ 4፣ 4፤ ከዚያ 5፣ 4፣ 3። የመጀመሪያው ዙር ሦስቱንም ጊዜ ሙሉ ነው! 60 ኪሎን አምስት ጊዜ ማንሳት ትችያለሽ ማለት ነው። የሚከዳሽ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ነው። በዙሮቹ መካከል ስንት ደቂቃ ታርፊያለሽ?

ወጣቷ፦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰው ይበዛል፤ ባሩን የሚጠብቅ አለ። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው።

አዛውንቱ፦ 20 ኪሎ ስታነሺ አንድ ደቂቃ ይበቃሽ ነበር። አሁን ከሰውነትሽ የሚከብድ ብረት ተሸክመሽ አንድ ደቂቃ አይበቃም። ሾንፌልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት አንድ ደቂቃ የሚያርፉትንና ሦስት ደቂቃ የሚያርፉትን አነጻጽረው ነበር፤ በጉልበት የበለጡት ሦስት ደቂቃ ያረፉት ናቸው። ለከባድ አምስት ድግግሞሽ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ውሰጂ። የሚጠብቅ ካለ ተራ በተራ ሥሩ፤ እሱ ሲያነሳ አንቺ ታርፊያለሽ። አሁን ደግሞ በስልክሽ የቀረጽሽውን የሦስተኛውን ዙር አሳዪኝ። እዚህ ጋ አቁሚው። አራተኛው ድግግሞሽ ላይ ስትነሺ ወገብሽ ቀድሞ ወጣ፣ ደረትሽ ወደ መሬት ቀረ፤ ተረከዝሽም ከወለሉ ተነሳ፣ አየሽው? የሩጫ ጫማ ነው ያደረግሽው። ሶሉ ለስላሳ ነው፤ ሲጫኑት ይሰምጣል። ፍራሽ ላይ ቆሞ እንደመግፋት ነው። ጫማ አውልቀሽ ወይም ሶሉ ጠፍጣፋና ደረቅ የሆነ አድርገሽ ሥሪ። እስካሁን ሁለት ነገር አገኘን፤ ሁለቱም ከጀማሪነት ማለፍ ጋር ግንኙነት የላቸውም።

ወጣቷ፦ ሌላ አለ?

አዛውንቱ፦ ትልቁ ገና አልተነሳም። 57.5 ኪሎን በንጹሕ የጨረስሽው መቼ እንደሆነ ቀኑን አንብቢው። ሰኞ ነው፤ ሁዳዴ የገባበት ሰኞ። ከዚያ ወዲያ አንድም ሙሉ የስኳት ልምምድ የለም።

ወጣቷ፦ ጾሙን ልተው እያሉኝ ነው?

አዛውንቱ፦ በፍጹም። ስለ ጾምሽ የምትጠይቂው የንስሐ አባትሽን ነው። እኔ የምለው ደብተሩ ስለ ሰውነትሽ ደረጃ የሚሰጠውን ምስክርነት በዚህ ወቅት አንቀበለው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ትገቢያለሽ፣ 1 ሰዓት ላይ ትወጫለሽ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የለም። ሰውነት ለጥገና ዕቃ በሚፈልግበት ጊዜ ስምንት ሰዓት ባዶ መጋዘን ይዞ ይቀመጣል። ሲበላም የሚያገኘው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 49 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና፣ ብረት ለሚሠራ ሰው በቀን በአንድ ኪሎ ሰውነት ወደ 1.6 ግራም ፕሮቲን አካባቢ ጥቅሙ እንደሚሞላ አሳይቷል። ላንቺ 90 ግራም መሆኑ ነው። የተቀቀለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ያህል አለው፤ ስለዚህ በምስር ብቻ ልሙላው ብትዪ በቀን አንድ ኪሎ የተቀቀለ ምስር ልትበዪ ነው፤ ያውም ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ ባለው ጊዜ። ከሽሮ፣ ከባቄላ፣ ከሽምብራ፣ ከለውዝና ከአኩሪ አተር ጋር እያሰባጠርሽ መቅረብ ይቻላል፤ ቀላል ግን አይደለም። በረመዳን የሚጾሙትም ሌላ መልክ ያለው ይኸው ጥያቄ አለባቸው።

እኔ የምመክርሽ ሁለት ነገር ነው። ልምምዱን ከጠዋት ወደ ምሽት 12 ሰዓት አምጪው፤ በልተሽ፣ ውኃ ጠጥተሽ፣ ምግቡ ረግቶልሽ ትገቢያለሽ፤ ስትወጪም ማታውን ትበያለሽ። ሁለተኛ፣ ለቀሩት ስድስት ሳምንታት መጨመርን ተዪና ክብደቱን ዝቅ አድርገሽ ያዢው። የያዝሽውን መጠበቅ ከመጨመር በጣም ይቀላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በየልምምዱ 60ን እየጣልሽ ብትቆዪ ለፋሲካ የሚደርስልሽ ጉልበት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ሰው በጾም ወር የቆመውን ብረት አይቶ ፕሮግራም ሲለውጥ በጣም ያሳዝነኛል፤ ፋሲካ አልፎ ሥጋና እንቁላል ሲመለስ ጉልበቱም ይመለሳል፣ እሱ ግን ለውጡን አዲሱ ፕሮግራም ያመጣው ይመስለዋል።

ወጣቷ፦ ሾልደር ፕሬስ ግን ከጾሙ በፊት ነው የቆመው፤ 25 ላይ። እሱንስ ምን ልበለው?

አዛውንቱ፦ እሱ የእርምጃው ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ምክር ጭማሪው ከ2 እስከ 10 በመቶ ይሁን ይላል። 60 ላይ 2.5 ስትጨምሪ 4 በመቶ ነው፤ 25 ላይ ያው 2.5 ኪሎ ድፍን 10 በመቶ ይሆናል። ትከሻ ደግሞ ከእግር ያነሰ ጡንቻ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ ትናንሽ ዲስኮች ካገኘሽ በእነሱ ጨምሪ። ጂሙ ከሌለው በዚያው 25 ኪሎ ከአምስት ወደ ስድስት፣ ወደ ሰባት፣ ወደ ስምንት ድግግሞሽ ውጪና ከዚያ 27.5ን በአምስት ጀምሪ። ሴቶች በላይኛው አካል ልምምድ ቶሎ "ቆመ" የሚባልባቸው ብዙ ጊዜ ዲስኩ ትልቅ ሆኖባቸው ነው።

ወጣቷ፦ እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? ሰልችቶኛልም። ያው አምስት ልምምድ፣ ያው ቁጥር።

አዛውንቱ፦ መሰልቸትን አልንቀውም፤ የሰለቸው ሰው ይቀራል፣ የቀረ ሰው ደግሞ በምንም ፕሮግራም አያድግም። ነገር ግን የሰለቸሽን ለይተሽ አውጪ። ዋናዎቹ ልምምዶች ላይ ያለው መሰላል ይቆይ፤ ከእነሱ በኋላ ለ20 ደቂቃ የምትወጂውን ሥሪ፣ በየወሩም ለውጪው። ደግሞ ዓላማሽ ጤና ብቻ ከሆነ፣ 50 ኪሎ ላይ ረግተሽ ደስ እያለሽ ብትኖሪ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። አንቺ ግን "ቆመብኝ" ብለሽ ነው የመጣሽው፤ መጨመር ትፈልጊያለሽ።

ወጣቷ፦ በዚህ አካሄድ ግን ሁልጊዜ ምክንያት ይገኛል። ዛሬ ጫማ፣ ነገ እንቅልፍ፣ ከነገ ወዲያ ጾም። መቼ ነው እንግዲህ በቃ፣ አልፌያለሁ የምለው? ዕድሜ ልኬን ጀማሪ ልባል ነው?

አዛውንቱ፦ ይህ እስካሁን ካነሳሽው ሁሉ የበረታው ነው፤ ብዙ ሰው በዚህኛው በኩልም ይወድቃል። ክብደት ይቀንሳል፣ ይመለሳል፣ እዚያው ይቆማል፣ ደግሞ ይቀንሳል፤ ዓመት ያልፋል። በሳምንት 5 ኪሎ በዓመት 260 ኪሎ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ የሄደ ሰው የለም፣ አንቺም አትሄጂም። ስለዚህ ልኩን አስቀድመን እንጻፈው፣ በኋላ እንዳንደራደር። ከፋሲካ በኋላ በ55 ጀምሪ፣ 57.5፣ ከዚያ 60። አንድ ክብደት ላይ ሦስት ተከታታይ ልምምድ ካልተሳካልሽ 10 በመቶ ቀንሺና እንደገና ውጪ። ያ መመለስ ከቆምሽበት ካሳለፈሽ ገና ጀማሪ ነሽ፤ ደስ ይበልሽ። ካላሳለፈሽ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚው። ለሁለተኛ ጊዜ ያው ቦታ ላይ ከያዘሽ፣ እንቅልፍሽ ከሰባት ሰዓት ካልጎደለ፣ ምግብሽ ከተሟላ፣ እረፍትሽን በደቂቃ ከጠበቅሽ፣ ቪዲዮው ላይ አነሳስሽ ንጹሕ ከሆነ፣ ሦስተኛ ቅነሳ የለም። ያን ቀን አልፈሻል። አንድ ነገር ግን ከዚህ ሕግ ይወጣል፤ ጉልበትሽን ወይም ወገብሽን የሚወጋ ሕመም ካለ የደረጃ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የሐኪም ጥያቄ ሆኗል።

ወጣቷ፦ ያ ቀን ሲመጣስ? ያኔ ወረቀቱን ላውጣ?

አዛውንቱ፦ ያኔም አታውጪው። የሚለወጠው አንድ ነገር ነው፤ የጭማሪው ጊዜ። በየልምምዱ የነበረው በየሳምንቱ ይሆናል። ቢል ስታር የተባለው አሜሪካዊ አሰልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች ባወጣው መጽሐፍ ሳምንቱን ከባድ፣ ቀላል፣ መካከለኛ ብሎ ከፍሎታል፤ እስከ ዛሬ ብዙ ፕሮግራም ከዚያ የተቀዳ ነው። ላንቺ ሰኞ 60 ከባዱ ይሆናል፤ ረቡዕ በ47.5 ሰውነትሽ አነሳሱን እንዳይረሳ ያህል ትሠሪያለሽ፤ ዓርብ 55። በሚቀጥለው ሰኞ 62.5። ረቡዕ "ቀለለኝ" ብለሽ ብትጨምሪበት ግን ሰኞን በላሽው። ቀላሉ ቀን ሰነፍ ቀን አይደለም፤ ሰኞ የወረደው ጫና ሲጠገን ሥራው እንዳይቋረጥ የሚያደርግ ቀን ነው። ይህም ራሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ይዘጋል፤ ያኔ ስለ ወር እንነጋገራለን።

ወጣቷ፦ ስኳት ሲያልፍ ዴድሊፍቱንም አብሬ ልቀይረው?

አዛውንቱ፦ ዴድሊፍትሽ እየጨመረ ነው፤ ባለፈው ረቡዕ እንኳ፣ በጾም፣ 80ን አምስት ጊዜ አንስተሻል። እየሄደ ያለውን ነገር ለምን እናቆመዋለን? ደረጃ ለሰውየው ብቻ አይሰጥም፤ ለየልምምዱ ነው። በስኳት መካከለኛ፣ በዴድሊፍት ጀማሪ፣ በትከሻ ደግሞ በዲስክ እጦት የቆመች ልትሆኚ ትችያለሽ። እያንዳንዱ በራሱ ገጽ ይመዘን።

ወጣቷ፦ እንግዲያው የሰኞውን ልጻፍ። ስኳት ስንት ልበል?

አዛውንቱ፦ 52.5፤ ሦስት ዙር፣ አምስት አምስት። ከጎኑ "ምሽት 12 ሰዓት" ብለሽ ጻፊ፣ ከሥሩ "እረፍት 4 ደቂቃ"። የጫማውን ነገርም እንዳትረሺ ጻፊው። ያን ወረቀት ደግሞ ከደብተሩ መካከል አውጪው፤ ገጹን እያጠፈብሽ ነው።